ቤት ለእንግዳ በቀን ስታከራዩ ጎረቤት እንዳይረበሽ፦ ከደሴ የተጻፈ መመሪያ

ካቻምና በጥር ነው። ስምንት ሆነው ለሠርግ የመጡ ወጣቶች ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለሁለት ሌሊት ያዙ። ጨዋ ልጆች ነበሩ። በሁለተኛው ሌሊት ሙሽሮቹን ሸኝተው፣ ስፒከራቸውን ይዘው ገቡ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። የተንኳኳው ቀስ ተብሎ ነው። ስከፍት ከግድግዳዬ ጀርባ የሚኖሩት ሐጂ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። የስልካቸው መብራት ፊቴ ላይ እንዳይበራ ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ይዘውታል። «ልጄ፣ ለሱብሒ እነሳለሁ እኮ» አሉኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተመልሰው ሄዱ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲነጋ ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። ቶናው ላይ ስንደርስ እውነቱ ወጣ። ሐጂ እንግዳ መቀበል ከጀመርኩበት ከመስከረም ጀምሮ በቅጡ ተኝተው አያውቁም። አራት ወር ሙሉ ችለው ኖረዋል። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «እንግዳ ነው፤ በእንግዳ ምን ይባላል?» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ወሎ ውስጥ እንግዳ ክቡር ነው። ስለዚህ ጎረቤት ይችላል እንጂ አይናገርም። የተናገረ ቀን ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ዝምታውን እንደ ስምምነት የሚቆጥር አከራይ እንደኔ ይሳሳታል። ሄዶ መጠየቅ ያለበት አከራዩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ የምሠራበት አካሄድ ነው። ሰርቪስ ቤት ለምታከራዩ፣ ሙሉ ቤት ፈርኒሽድ አድርጋችሁ በደላላ ለምትሰጡ፣ ትንሽ ፔንሲዮን ላላችሁም ይሆናል። ለጎረቤቶች የሚሆንም ወደ ታች አለ።

1. ቤታችሁን በጎረቤት ጆሮ ስሙት

እንግዳ በሌለበት ምሽት፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ በሚከራየው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ክፈቱ። ሁለት ሰው አስቀምጡና እንደወትሯቸው ያውሩ። እናንተ ጎረቤት ቤት ሂዱ። አስፈቅዳችሁ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

እኔ ሐጂ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን አልረሳውም። ወንድሜና ባለቤቱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ ቃል በቃል ይሰማኛል። ግድግዳው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ነው። ድምፁን እሱ አላሳለፈውም። የኔ ሰርቪስና የሳቸው መኝታ ቤት ድሮ አንድ ቤት ነበር። ሲከፈል ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ብቻ ተሠራ። ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ወሬው በዚያ በኩል ተሻግሮ እሳቸው ራስጌ ላይ ይወርዳል።

ቁጥር ለሚፈልግ ሰው፦ አገራችን ለአካባቢ ድምፅ ያወጣችው ደረጃ አለ። ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። ሌሊት የሚባለው ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሲያወሩ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል። እንግዲህ ተራ ወሬ እንኳ ጎረቤት አልጋ ጋ ሲደርስ 15 ያህል መቀነስ አለበት ማለት ነው። ደህና ግድግዳ ይህን በቀላሉ ይሠራል። ከላይ የተከፈተ ግድግዳ ግን አይሠራውም። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ አፕ አለ። እንደ ባለሙያ መሣሪያ አትመኑት። ጥገና ከመሥራታችሁ በፊትና በኋላ ያለውን ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

2. ቀዳዳውን ድፈኑ

ድምፅ እንደ ውኃ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ በዚያው ይሄዳል። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ቀዳዳ ላይ አውጡ።

ከኮርኒስ በላይ ያለውን ባዶ በብሎኬት ወይም በጭቃ እስከ ቆርቆሮው ዝጉት። እኔ ይህን ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ካደረግኩት ሁሉ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ የለም። ብሎኬት ግድግዳ ያለው ሰው በሁለቱም በኩል መለሰኑን ያረጋግጥ። ያልተለሰነ ብሎኬት በመጋጠሚያው ያሳልፋል። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጎማ ዝጉ። የመስኮቱ መስታወት ሲነኩት የሚንኳኳ ከሆነ ስቱኮ ይፈልጋል።

ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳሉ። የሙዚቃ ቤዝ ግን አያቆሙም። ቤዝ ግድግዳውንና ወለሉን አንቀጥቅጦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከጎረቤት ጋር በምትጋሩት ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። በተቃራኒው በኩል ይሁን። አልጋውን ደግሞ ወደ ጋራው ግድግዳ አዙሩት፤ የተኛ ሰው አይጮህም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚመክሯችሁ አሉ። ድምፅ አያግድም፣ እሳት ግን በቀላሉ ይይዛል። ተዉት።

ፎቅ ያላችሁ የወንበርና የጠረጴዛ እግር ሥር ቁራጭ ጎማ ለጥፉ። ከታች ላለ ሰው ሌሊት ወንበር ሲጎተት ከዘፈን ይከፋል።

አሁን ወደ ግቢው ውጡ። አብዛኛው ችግር እዚያ ነው። የደሴ ሌሊት ይበርዳልና እንግዳው ቶሎ ወደ ቤት ይገባል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሞቃት ናት። እዚያ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ውጭ ይቀመጣል። ሐይቅ ዳር ያሉ ቤቶችም እንዲሁ፤ ውኃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። መቀመጫውን ከጎረቤት አጥር አርቁት። በራሳችሁ ቤት ግድግዳ ተከልሎ ይሁን። የግቢውን መብራት ደግሞ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ አደብዝዙት፣ 4 ሰዓት ላይ አጥፉት። መጸዳጃ ቤት በር ላይ ያለችው አምፖል ብቻ ትብራ። ሰው መብራት ካለበት ይሰበሰባል። ይህ ዘዴ ማንንም ሳያስቀይም ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሠርቶልኛል።

ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። አጥር የሚከልለው በእኩል ከፍታ ወይም ከሥራችሁ ያለውን ጎረቤት ነው። ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ከናንተ በላይ ያለው ቤት ግቢያችሁን ቁልቁል ያያል። የሚያያችሁ ይሰማችኋል። ስለዚህ ጎረቤት ስትቆጥሩ ግድግዳ የሚጋራችሁን ብቻ አትቁጠሩ፤ በላይ ያለውንም ቁጠሩ።

ስለ ጄኔሬተር ሳልናገር አላልፍም። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የናንተ ጄኔሬተር ብቻውን ይጮኻል። ከተቻለ ለመብራትና ለስልክ የሚሆን ባትሪ ወይም ሶላር ያዙ። ካልሆነ ጄኔሬተሩን ሲሚንቶ መደብ ላይ አድርጉ፣ ሥሩ ወፍራም ጎማ አስገቡለት፣ የጭሱን አፍ ከሰው ቤት አዙሩት። ድምፁን ለመቀነስ ብላችሁ ግን የተዘጋ ክፍል ወይም ሰው ከሚተኛበት አጠገብ አታስገቡት። ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። 4 ሰዓት ላይ ይጥፋ። በሚሠራበት ሰዓት ጎረቤት ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርግ አንድ ሶኬት ክፍት ይሁን። የውኃ ፓምፕም እንደዚሁ ነው። ሮቶውን ሌሊት ሳይሆን ቀን ሙሉት።

3. ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ጠይቁ

ቀዳዳውን ከደፈናችሁ በኋላ ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ። ወይም ሄዳችሁ ጠጡ። እኔ ሄጄ መጠጣትን እመርጣለሁ። በራሱ ቤት የተቀመጠ ሰው እውነቱን ይናገራል።

በአቦሉ ስለ ሥራ አታንሱ። ሁለተኛው ላይ ጀምሩ። «እንግዳ ልቀበል አስቤያለሁ። እናንተን ሳልጠይቅ መጀመር አልፈልግም» በሉ። ከዚያ «ያስቸግራችኋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፦ «ኧረ ምንም አይደል፣ ወንድም ጋሼ!» ይባላል። በዚያው ያልቃል። መልስ ያለው ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? ለሶላት ወይስ ለኪዳን ማን ይነሳል? ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ አለ ወይ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ የሱ ሌሊት ቀን ላይ ነው። አራስ አለች? የታመመ አለ? ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሚፈተን አለ?

የሰማችሁትን ጻፉት። በቃል የተያዘ ይረሳል። እኔ አንዲት ደብተር አለችኝ። በስተግራ የሰው ስም፣ በስተቀኝ የመኝታና የመነሻ ሰዓት። ከዚያች ደብተር ነው የቤቴን የጸጥታ ሰዓት ያወጣሁት፦ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት።

ስትወጡ የስልክ ቁጥራችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ስጡ። «ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን ደውሉ፤ ካልደወላችሁ ነው የምቀየማችሁ» በሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ይሉኝታውን የምትሰብረው እሷ ናት። ለአዛውንት ደግሞ ከዚህም ማቅለል ይቻላል። ከሐጂ ጋር የተስማማነው ሚስኮል ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከቆመ መልእክቱ ደርሶኛል። ቃል መናገር አይጠበቅባቸውም። መጀመሪያ የተጠቀሙበት ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን ደስ አለኝ፤ መናገር ጀመሩ ማለት ነዋ።

ቅሬ (የሰፈሩ እድር) ውስጥ ግቡ። ቤቱን ገዝታችሁ አዲስ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ በተለይ። የቅሬው ዳኛ እንግዳ እንደምታሳድሩ ከናንተ ይስማ እንጂ ከሰው አይስማ። በቅሬው የሚያውቃችሁ ሰፈር ሲከፋው መጥቶ ይነግራችኋል። የማያውቃችሁ ሰፈር ቀበሌ ይሄዳል።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሆኖ ቤቱን ደላላ የሚያከራይለት ከሆነ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ጎረቤት ማንን ይጥራ? እንደዚህ ካላችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ በእግሩ መድረስ የሚችል፣ ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ሰው ወኪል አድርጉ። በወር ክፈሉት። እንዲህ ያለ ሰው ካላገኛችሁ ቤቱን በቀን ከማከራየት በወር ማከራየት ይሻላል ባይ ነኝ።

4. ድምፁ የሚመጣበትን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ

የኛ አገር እንግዳ ወቅት ጠብቆ ነው የሚመጣው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝብ ደሴና ሐይቅ ከተማ አድሮ ነው የሚሄደው። ሌሊት ተነስቶ ነው መኪና የሚይዘው። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄድ አለ። ለገና ላሊበላ አለ። በጥር ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው። በክረምት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለ። ቀን መቁጠሪያ ላይ እነዚህን አክብቡ። በየወቅቱ የሚመጣው ድምፅ ይለያያል። የግሸን መንገደኛ አይጨፍርም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ይጠራል እንጂ። ለሱ የሚነገረው ስለ በርና ስለ ሞተር ነው። የሠርግ እንግዳ ደግሞ ሌላ ነው።

በረመዳን እንቅልፍ ቦታ ይቀይራል። ከተራዊሕ በኋላ ሰው ይመሻል፣ ለሱሑር ይነሳል፣ ቀን ላይ ጋደም ይላል። እድሳት፣ ግራይንደር፣ መዶሻ በዚያ ወር ከሰዓት በኋላ አይሁን። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰበት ጎረቤት ካለ ደግሞ ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ለብዙ ሰው አታከራዩ። እኔ አንድ ጊዜ ለአራት ቀን ዘግቻለሁ። ልጅቷ አልፋ እናቷ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች።

5. ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ተናገሩ

ሕጉን ሰው ገብቶ ሻንጣውን ካወረደ በኋላ መንገር ጠብ ይፈጥራል። ስንት ናችሁ? ለምን ጉዳይ ነው? ሌላ የሚጠይቃችሁ ሰው ይመጣል? እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ። ከዚያ ይህን ላኩ። እኔ በቴሌግራም የምልከው ነው፤ ቃሉን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ።

«ሰላም። ቤቱ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ሙዚቃና የግቢ ጨዋታ የለም። ክፍል ውስጥ በቀስታ መጫወት ይቻላል። ከተመዘገበ ሰው ውጪ ማደር አይቻልም። ይህ ከተመቻችሁ ቀኑን ልያዝላችሁ።»

ይህን አንብቦ የሚቀር ሰው ይኖራል። ይቅር። አንድ ሌሊት ባዶ ማደር ከጎረቤት ከመቀያየም በብዙ ይረክሳል። ለደላላውም ያው መልእክት ይድረሰው። ደላላ ኮሚሽኑን አስቦ «ምንም ችግር የለም፣ ግቡ» ይላል። እንግዳው የሚይዘው ያንን ነው። ሕጌን ሳይናገር ሰው ካመጣ ኮሚሽን እንደማልከፍል ነግሬዋለሁ። አሁን ከኔ በላይ እሱ ይናገራል።

መያዣ ገንዘብ መውሰድ ጥሩ ነው። ግን ለምን እንደሚቀር በጽሑፍ ይታወቅ። በስሜት ተነስቶ መያዣ ማስቀረት ሌላ ጠብ ነው። መታወቂያ መዝግቡ። ለሚዜዎች ቤት ስትሰጡ ሁለት ጊዜ አስቡ። እኔ እምቢ አልልም። «ጭፈራው አዳራሽ፣ እንቅልፉ እኔ ጋ» እላቸዋለሁ። ይገባቸዋል።

በኤርቢኤንቢ (ቤት በኢንተርኔት የሚያከራይ ድርጅት ነው) የምታስመዘግቡ ሰዎች ይህን እወቁ። ድርጅቱ በተከራዩ ቤቶች ውስጥ ድግስ ማድረግን በፈረንጆች 2020 በጊዜያዊነት፣ በ2022 ደግሞ ለዘለቄታው ከልክሏል። ስለዚህ «ድግስ የለም» ስትሉ ድርጅቱም ከናንተ ጋር ነው። ክፍል ውስጥ ካሜራ መስቀልን ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከልክሏል። ጸጥታ ለማስከበር ብላችሁ ካሜራ አታስገቡ። እኛ ባህል ውስጥም ነውር ነው።

6. እንግዳው ሲገባ

ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ቁልፉን በእጃችሁ ስጡ፤ በዘበኛ አትላኩ። ወደ ጋራው ግድግዳ ውሰዷቸውና «ከዚህ ኋላ አንድ ሽማግሌ ይተኛሉ። ለሶላት 11 ሰዓት ላይ ይነሳሉ» በሉ። ሰው ለወረቀት ድምፁን አይቀንስም። እንደ አባቱ ለሚያየው ሽማግሌ ይቀንሳል። ወጣቶች ይህን ስነግራቸው ወዲያው ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሐጂ በግቢው በር ሲያልፉ ካጋጠሙን አስተዋውቃቸዋለሁ። እሳቸውም ይመርቋቸዋል። የተመረቀ ልጅ ያን ሌሊት አይጮህም።

ቢሆንም ወረቀትም ይለጠፍ። አጭር ይሁን። የኔ አራት መስመር ነው።

ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ አንቀመጥም።
ስፒከር ወለል ላይ አናስቀምጥም፤ ከ3 ሰዓት በኋላ እናጠፋለን።
ሌሊት ስንመጣ ክላክስ አናደርግም፤ ለዘበኛው እንደውላለን።
የግቢውን በር በእጃችን ይዘን ቀስ ብለን እንዘጋለን።

ሦስተኛዋ መስመር ላይ አትለሳለሱ። ሌሊት አንድ ክላክስ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ውሻውም ይከተላል። የዘበኛው ስልክ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ባጃጅ ጠርተው የሚመጡ ከሆነ ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ እንዳይጠብቅ ንገሯቸው። የቆርቆሮ በር ደግሞ ሲዘጋ ነጎድጓድ ነው። መቀርቀሪያው የሚያርፍበት ላይ ቁራጭ ጎማ በሚስማር ምቱበት። ማጠፊያውን ዘይት ቀቡት። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ነገር ይበቃል።

ጫት የሚቅሙ እንግዶች ካሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲጀምሩ ጸጥ ያሉ ናቸው። በምርቃናው ላይ ግን ወሬው ይሞቃል፤ ድምፃቸው መጨመሩ ለራሳቸው አይታወቃቸውም። ክፍሉን ከጋራው ግድግዳ የራቀውን ስጧቸው። ውኃና ቡና አስገቡላቸው፤ ለቡና ብለው ወደ ግቢ አይወጡም።

7. ሌሊት ሲደወልላችሁ

ቶሎ ተነሱ። ከጠሪው ጋር አትከራከሩ። «እሺ፣ መጣሁ» ብቻ በሉ። ራሳችሁ ሂዱ። በሩን አትደብድቡ፤ የናንተም ድምፅ ድምፅ ነው። ሲከፍቱላችሁ እንዲህ በሉ፦ «ወንድሞቼ፣ ጨዋታችሁን ማቋረጤ አይደለም። ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ስፒከሩን አጥፉልኝና ወደ ውስጥ ግቡልኝ።» ጎረቤት ተናገረባችሁ አትበሉ። ማን እንደደወለ በጭራሽ አታውጡ። የሰከረ ሰው ያንን ስም ይዞ ሲነጋ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ያ ጎረቤትም ሁለተኛ አይደውልላችሁም።

ከዚያ አትሂዱ። ግቢው ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆዩ። መብራቱን አጥፉ። አብዛኛው ጊዜ በዚህ ያልቃል።

በሁለተኛው ጊዜ ስፒከሩን ተቀበሉ፤ ጠዋት እንደምትመልሱ ንገሯቸው። ቤቱን የያዘውን ሰው ለብቻው ጠርታችሁ አናግሩት እንጂ በጓደኞቹ ፊት አታዋርዱት። በሦስተኛው ጠዋት ይወጣሉ፤ መያዣው በተጻፈው መሠረት ይታያል። ሌሊት ሰው አውጥታችሁ መንገድ ላይ አትጣሉ። ጠብ ካለ፣ ዕቃ ከተሰበረ፣ ወይም እናንተ ላይ ከዛቱ ፖሊስ ይጠራ። ብቻችሁን አትግቡ።

ሲነጋ ጎረቤት ጋ ሂዱ። ይህ ከሌሊቱ ሥራ እኩል ነው። ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ እንግዶቹ መቼ እንደሚወጡ ንገሩ። ስጦታ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እንቅልፍን በስኳርና በቡና የምትገዙ ያስመስልባችኋል። ሌላ ቀን፣ ምንም ሳይኖር ውሰዱት። በደብተራችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱን ጻፉ። በአንድ ዓመት ደብተሬ ውስጥ ሰባት ጥሪ አለ። አምስቱ የግቢ መቀመጫ ነው፣ አንዱ ክላክስ፣ አንዱ ብቻ ሙዚቃ። ገንዘቤን የት ላውጣ የሚለውን ያ ደብተር ነው የነገረኝ።

ጎረቤት ለሆናችሁ

ስለቻላችሁ አመሰግናለሁ። ግን አትቻሉ። አከራዩ ያልተነገረውን አያውቅም።

ሌሊት በንዴት ከመሄድ በፊት ቀን ላይ ባለቤቱን አግኙ። «ረበሻችሁን» ከማለት ቀንና ሰዓት ንገሩ፦ ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ሙዚቃ፣ በስተምሥራቅ ካለው ክፍል። እንዲህ ያለውን ማስተባበል አይቻልም። ካልሰማ የቅሬው ዳኛ ያናግረው። የሚከበር አባጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) ባለበት አካባቢ ነገሩን ለእሱ ማቅረብ ይቻላል። ወሎ በዚህ ሽምግልና ከዚህ የከበደ ነገር አስታርቋል። እሱም ካልሆነ ለቀበሌ በጽሑፍ አመልክቱ። የቤቱን ቦታ፣ ቀኖቹን፣ ከዚያ በፊት ለማን እንደነገራችሁ ጻፉ፤ የሌሎች ጎረቤቶች ፊርማ ይኑርበት።

ሕጉም ከናንተ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭስን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስማቸው ጠርቶ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ያዛል። የአካባቢው ልማድም ከግምት እንዲገባ ይላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ትልቅ ነው። የሠርግ ከበሮ በዓመት አንድ ቀን ሲመታና የተከራይ ስፒከር በየቅዳሜው ሲጮህ አንድ አይደሉም። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለቅኝት የሰጡበት አገር ነው ያለነው። ዘፈን የሚጠላ የለም። የምንጠይቀው ሰዓቱን ብቻ ነው።

የሰፈሩም ድምፅ ለእንግዳው ይነገር

ይህ በተቃራኒው ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በአዛኑ፣ በሌሊቱ ማሕሌት፣ በዶሮው ይነቃል። ከዚያ ቅሬታ ይጽፋል። ጥፋቱ ያልነገረው አከራይ ነው። በቤቱ ማስታወቂያ ላይ ጻፉት፦ መስጊዱ ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየትኞቹ ሌሊቶች ማይክ ይከፍታል፣ ቅዳሜ ሠርግ ይኖራል ወይ። ላሊበላ ያላችሁ ደግሞ ለገና ሰሞን በግልጽ ጻፉ። ሌሊቱን በዝማሬ ሊያድር የመጣ ሕዝብ ከተማውን ይሞላዋል። እግሩን እያጠባችሁ የምትቀበሉት ምዕመን ግቢያችሁ ውስጥ ተኝቶ እየጸለየ፣ በላይኛው ክፍል ያለ ቱሪስት ጸጥታ ቢጠይቅ ልትሰጡት አትችሉም። ያን ሰሞን ክፍሉን ለበዓሉ ለመጣ ሰው ብቻ ስጡ።

ለቅሶ ሲኖር ግን የተለየ ነው። የቅሬ ድንኳን ሰፈሩ ውስጥ ከተተከለ ቀን ይሁን ማታ ግቢዬ ውስጥ ሙዚቃ የለም። ለገቡት እንግዶች ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ለሚመጡት ደውዬ እነግራለሁ፤ ሌላ ቦታ መያዝ የሚፈልግ ካለ ቀብዱን እመልሳለሁ። አምና ከበላያችን ያሉት እናት ሲያርፉ ከአዲስ አበባ ለልደት የመጡ አራት ሴቶች ነበሩ። ኬካቸውን በዝምታ ቆረሱ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዷ የኔን ተውሳ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተቀመጡ።